ልብሱ ሲቀየር ገላው እንዳይጠፋ፦ ከሐረር ቤት እስከ ድረ ገጽ

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወርደውን ጠባብ መንገድ የሐረር ሰው «መኪና ግርግር» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪኖች ድምፅ ነው። ጨርቅ የገዛ ሰው እዚያው ይለካል፣ እዚያው ያሰፋል። ልብስ ሲጠብ ይተረተራል፣ ሲያረጅ ይጣላል፣ ፋሽኑ ሲያልፍ ሌላ ይሰፋል። ገላው ግን ያው ነው። ልብሱን ከገላው ጋር አጣብቆ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ እስከ ዛሬ አልታየም።

እኛ ግን በኢንተርኔት ላይ ይህንኑ አድርገናል። ያውም አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው ጊዜ ያስከፈለን ዋጋ ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ነው።

ወዳጆች፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጉዳዩም ለዜና ተከታታይ እንግዳ ሊመስል ይችላል፦ የድረ ገጽ ቴምፕሌት የመልክ ፋይሎች አደረጃጀት። ባለሙያዎቹ ስታይልሺት ይሉታል፤ እኔ እዚህ «የመልክ ፋይል» እለዋለሁ። «ይሄ የኮምፒውተር ልጆች ጉዳይ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። ዛሬ የመሥሪያ ቤት መመሪያ፣ የጋዜጣ ማኅደር፣ የሙዚየም ዝርዝር፣ የዩኒቨርሲቲ ጥናት የሚቀመጠው ድረ ገጽ ላይ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ይነበባል ወይስ አይነበብም የሚለውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነገሩና መልኩ ተለይተው መቀመጣቸው ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 የሐረር ቤት እንደ ቴምፕሌት

ቴምፕሌት ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ሲሊኮን ቫሊ መሄድ አያስፈልግም። በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከተሠራው የጁገል ግንብ ውስጥ አንድ ባህላዊ የሐረሪ ቤት መግባት ይበቃል።

የቤቱ ዋና ክፍል ውስጥ «ነደባ» የሚባሉ፣ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መደቦች አሉ። አምስት ናቸው። አሚር ነደባ፣ ጊዲር ነደባ፣ ጢት ነደባ፣ ጌብቲ ኣኸር ነደባ፣ ሱትሪ ነደባ ይባላሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፦ የክብር ቦታው፣ ሰፊው የእንግዳ ቦታ፣ ትንሹ፣ ከበሩ ኋላ ያለው፣ የተሸሸገው። በግድግዳው ውስጥ ደግሞ ዕቃና መጻሕፍት የሚቀመጡባቸው ትንንሽ መስኮት መሰል መደርደሪያዎች ተፈልፍለዋል። በአንድ ቤት ያደገ ሰው ሌላው ቤት ሲገባ የት እንደሚቀመጥ አይጠይቅም።

ልብ በሉ፦ ይህ ሁሉ አቀማመጥ ነው እንጂ ጌጥ አይደለም። ጌጡ በላዩ ላይ ይመጣል። የግድግዳው ሙዳይና ሰፌድ፣ የመደቡ ምንጣፍ፣ ቀለሙ እንደ ባለቤቱ አቅምና ምርጫ ይለያያል። የመደቡ ቀይ ቀለም በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ሲባል እንሰማለን። ይህ ከሆነ ደግሞ የነገሬን ግማሽ ያስረዳል፦ ታላቅ ሐዘን ከተማዋን ሲመታ የተለወጠው ቀለሙ ነው፤ መደቡ አልፈረሰም፣ ስሙም አልተለወጠም።

ስሞቹንም ተመልከቱ። ከመደቦቹ አንዱም «ቀዩ መደብ» ወይም «ምንጣፍ ያለበት» አይባልም። ስማቸው ከደረጃቸው፣ ከስፋታቸውና ከቦታቸው የመጣ ነው። ነገ ቀለሙ አረንጓዴ ቢሆን ስሙ ውሸት አይሆንም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

🔹 ቆዳው ሲያረጅ ቃሉ የሚተርፈው ለምንድን ነው?

ሐረር የመጽሐፍ ከተማም ናት። በጃንዋሪ 1855 ወደ ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ለብዙው ነገር ክፉ አፍ የነበረው ሰው ነው። የሐረርን የመጽሐፍ ድጉሰት ግን አድንቆ ጽፏል። ዛሬም ጁገል ውስጥ፣ ራስ ተፈሪ ይኖሩበት በነበረው ቤት ባለው የሸሪፍ ሙዚየም፣ የቆዩ በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችና ኪታቦች ይታያሉ። የሙዚየሙ መሥራች አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ጥንታዊ መጻሕፍትን በመሰብሰብ ብቻ ሳይሆን በመጠገንና በመደጎስም የሚታወቁ ሰው ናቸው።

የመጽሐፍ ጠጋኝ ሥራ የሚቻለው ለምንድን ነው? ጽሑፉና ሽፋኑ ሁለት ነገር ስለሆኑ ነው። ቆዳው ይበላል፣ ክሩ ይበጠሳል፤ ጠጋኙ ቆዳውን ገፍፎ፣ ጥራዙን ፈትቶ፣ እንደገና ይሰፋዋል። ከቃሉ አንድ ፊደል አይነካም። የእኛው የብራና ጸሐፊዎችም ከመጻፋቸው በፊት ብራናውን በወስፌ ነጥበው መስመር ያሰምሩበታል። የመስመሩ ቁጥርና የኅዳጉ ስፋት መጀመሪያ ይወሰናል፣ ጽሑፉ በኋላ ይገባል። ያም ቴምፕሌት ነው።

አባቶቻችን ነገርንና መልክን መለየት ያውቁ ነበር ማለቴ ነው። ታዲያ ኮምፒውተሩ ሲመጣ እንዴት ጠፋን?

🔹 ድረ ገጽ መልክ ያልነበረው ጊዜ

ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫው የሰርን ምርምር ማዕከል ድረ ገጽን ሲፈጥር ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጽሑፉ ላይ ምልክት ይደረጋል፦ ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ዝርዝር ነው። እንዴት ይታይ የሚለው ለአንባቢው መሣሪያ ይተዋል።

ሰው ግን ጌጥ ይወዳል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ብራውዘር የሚሠሩ ኩባንያዎች ሲፎካከሩ ቀለምን፣ የፊደል መጠንን፣ የፎንት ስምን በቀጥታ ጽሑፉ መካከል ማስገባት ፈቀዱ። እያንዳንዱ አንቀጽ የራሱን ልብስ ተሸክሞ ይሄድ ጀመር። አንድ መሥሪያ ቤት 300 ገጽ ካለው፣ የርእሱን ቀለም ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ለመቀየር 300 ገጽ መክፈት ነበረበት።

በኦክቶበር 1994 ኖርዌያዊው ሆኮን ቪየም ሊ እዚያው ሰርን ሆኖ መፍትሔ አቀረበ። መልክን ከጽሑፉ አውጥተን ለብቻው ፋይል እናድርገው አለ። ከሆላንዱ በርት ቦስ ጋር ሆነው ሠሩት፤ በዲሴምበር 1996 የመጀመሪያው ደንብ ጸደቀ። ይህ ነው ሲኤስኤስ የምንለው። ሥራው እንዲህ ነው፦ «ርእስ ሁሉ አረንጓዴ ይሁን» የሚል አንድ መስመር በአንድ ፋይል ይጻፋል፤ 300ውም ገጽ ይታዘዛል።

ዓለም ይህን መድኃኒት ለመዋጥ ዓመታት ፈጀበት። እኛ ዘንድ ደግሞ በሽታው የባሰ ነበር።

🔹 የመጀመሪያው ስሕተት፦ ፊደሉ ራሱ ልብስ ሆነ

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1997 ነው። በዚያን ጊዜ በብዙ ኮምፒውተር ውስጥ ለአንድ ፊደል የተመደበው ቦታ በጠቅላላ 256 ሳጥን ብቻ ነበር። ከእነዚህም የላቲኑ ፊደልና የማሽኑ ትእዛዞች ብዙውን ይዘዋል። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 ቤት በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው። ዲቃሎቹ እነ ሏ፣ ቧ፣ ኳ፣ ቁጥሮቹ፣ ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ አይገባም።

የዘመኑ ፎንት ሠሪዎች ብልሃት ፈጠሩ። በላቲኑ ፊደል ሳጥን ውስጥ የግዕዝ ፊደል ሥዕል አስቀመጡ። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ነው፤ ዓይናችን የሚያየው ግን «ሀ» ነው። ለአንድ ፎንት አልበቃ ሲል ለሁለት ከፈሉት። ያኔ ሌላ መንገድ ስላልነበረ በወቅቱ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ጋዜጦችና መጻሕፍት የታተሙት በዚህ ነው። በወረቀት ላይ ችግር የለውም፤ ቀለም ከደረቀ በኋላ ሳጥኑን የሚጠይቅ የለም።

ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ግን ምን ሆነ? ጽሑፉ አማርኛ የሚሆነው ያ ፎንት በአንባቢው ኮምፒውተር ላይ ካለ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ነው። ይባስ ብሎ አንዱ ፎንት «ሀ»ን ያስቀመጠበት ሳጥን ውስጥ ሌላው «ለ»ን አስቀምጧል። አሁን የገባችሁ ይመስለኛል፦ ፎንት ልብስ ነው። እኛ ግን የቃሉን ማንነት ልብሱ ውስጥ ደበቅነው። ልብሱ ሲወልቅ ገላው አብሮ ጠፋ።

ይህን አስቀድመው ያዩ ሰዎች ነበሩ። ይትና ፍርድይወቅ እና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት ያዘጋጁት በዚሁ ምክንያት ነው። ግዕዙን በታወቀ ደንብ በላቲን ፊደል መዝግቦ፣ የትኛውም ፎንት በኋላ እንዲያለብሰው ማድረግ ነበር ሐሳቡ። በኋላ፣ በ1999፣ የዩኒኮድ 3.0 እትም የኢትዮጵያን ፊደል በይፋ አካተተ። ከዚያ ወዲያ «ሀ» በዓለም ሁሉ የራሱ ቋሚ ቁጥር አለው። ፎንቱ ቢቀየር «ሀ» ያው «ሀ» ነው። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ተራው ሰውም ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አማርኛ ማንበብ ቻለ።

ነገር ግን ከዚያ በፊት የተጻፈው? የተወሰነው በመለወጫ ፕሮግራም ተተርጉሞ ተርፏል። የተወሰነው ግን ዛሬ ቢከፈት ትርጉም አልባ ነው። በፍለጋ አይገኝም፣ ምክንያቱም ማሽኑ አማርኛ መሆኑን አያውቅም። የዚያ ዘመን ክርክር፣ የስደተኛው ኅብረተሰብ ጽሑፍ፣ የግል ጋዜጦች የድረ ገጽ ቅጂ ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። እሳት አልበላውም፣ ጎርፍ አልወሰደውም፤ በአለባበስ ስሕተት ነው የጠፋው።

🔹 ሁለተኛው ስሕተት፦ የሰው ልብስ ላይ መጣፍ

ፊደሉ ከተፈታ በኋላ የቴምፕሌት ዘመን መጣ። ዎርድፕረስ በ2005 መጀመሪያ «ቲም» የሚባለውን አሠራር አስገባ፤ በዚያው ዓመት ጁምላ ተመሠረተ። (ጁምላ ከስዋሂሊ የተወሰደ ቃል ነው፤ «ሁሉም በአንድ ላይ» ማለት ነው፣ የእኛው «ጅምላ» ዘመድ።) በ2011 ደግሞ የትዊተር ሠራተኞች ቡትስትራፕን በነፃ ለቀቁት። ከዚያ ወዲያ ድረ ገጽ ማሠራት ማለት በአመዛኙ ዝግጁ ቴምፕሌት መግዛት ወይም ማውረድ፣ ስሙንና ዓርማውን መቀየር ሆነ።

ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። መኪና ግርግር ላይም ሁሉም ልብስ ከባዶ አይሰፋም፤ የተዘጋጀውን ገዝቶ ማስጠበብ አለ። ችግሩ ማስጠበቡ የሚሠራበት መንገድ ነው። ቴምፕሌቱ ይዞት የመጣው የመልክ ፋይል በሺህ የሚቆጠር መስመር አለው። ሠራተኛው ቀለም መቀየር ሲፈልግ እዚያው ፋይል ውስጥ ገብቶ ያርማል። ሲያቅተው መጨረሻው ላይ «ይህ ከሁሉ ይበልጣል» የሚል ትእዛዝ ይጨምራል። ሌላው ሠራተኛ ሲመጣ ያንን ለመሻር ሌላ «ከሁሉ ይበልጣል» ይጽፋል። ከሦስት ዓመት በኋላ የትኛው ትእዛዝ የቱን እንደሚሽር የሚያውቅ ሰው የለም። ሰነድ ጠፍቶበት በቃል ብቻ የሚመራ ቀበሌ ይመስላል።

ከዚያ ቴምፕሌቱን የሠራው ኩባንያ የደኅንነት ማሻሻያ ያወጣል። ማሻሻያው ሲጫን ዋናው ፋይል በአዲስ ይተካል፤ የእናንተ እርማት ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ማሻሻያውን መጫን ይፈራል። ያልተሻሻለ ድረ ገጽ ደግሞ በሩ ክፍት የሆነ ቤት ነው። ሰርጎ ገቦች አንድን ተቋም አጠቁት የሚል ዜና ስትሰሙ ከበስተጀርባው «ከነካነው ይበላሻል» የሚል ፍርሃት ሊኖር እንደሚችል አስቡ። የፍርሃቱ ምንጭ ያልተደራጀ የመልክ ፋይል ነው።

🔹 ሦስተኛው ስሕተት፦ ተመልሶ መጣብቅ

አሁን ደግሞ በመዳፊት እየጎተቱ ገጽ የሚሠሩባቸው መሣሪያዎች አሉ። ያለ ኮድ ያምራል፣ ይፈጥናል። አንዳንዶቹ ግን ቀለሙን፣ ስፋቱን፣ ዓምዱን የሚያስቀምጡት ከጽሑፉ ጋር ቀላቅለው ነው። መሣሪያው የተነሳ ዕለት ጽሑፉ በማዕዘን ቅንፍና በትእዛዝ ተሞልቶ ይገኛል። ከ1990ዎቹ ፎንት ችግር ጋር ያላቸው ልዩነት የዘመን ብቻ ነው። እንደገና ልብሱን ከገላው ሰፋነው።

🔹 ዓለም እንዴት አደራጀው?

ይህ የኛ ብቻ ጣጣ አልነበረም። በትልልቅ ኩባንያዎችም የመልክ ፋይል ጫካ ሆኖ ነበር። በ2000ዎቹ መጨረሻ ኒኮል ሱሊቫን የተባለች ባለሙያ የገጹን ዕቃዎች ተደጋጋሚ አድርገን እንያቸው፣ ቅርጽንና ቆዳን እንለይ ብላ አስተማረች። የሩሲያው ያንዴክስ ኩባንያ ጥብቅ የስም አወጣጥ ደንብ አወጣ። በ2011 ካናዳዊው ጆናታን ስኑክ ትእዛዞቹን ለአምስት ክፍል መደባቸው፦ መሠረት፣ አቀማመጥ፣ ዕቃ፣ ሁኔታ፣ ጌጥ። አምስት መሆኑ ከነደባዎቹ ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ሁሉ ነገር ቦታው ይታወቅ፣ አዲስ የመጣ ሰው ሳይጠይቅ ይቀመጥ።

በ2022 ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች በሙሉ «ንብርብር» የሚባለውን ደንብ ተቀበሉ። በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማዕረግ ቅደም ተከተል ይጻፋል፦ መጀመሪያ የቴምፕሌቱ፣ ከዚያ የእኛ፣ ከዚያ የልዩ ገጾች። ከዚያ ወዲያ በታችኛው ንብርብር ያለ ተራ ትእዛዝ የቱንም ያህል የተወሳሰበ ቢሆን የላይኛውን ተራ ትእዛዝ አይሽርም። «ከሁሉ ይበልጣል» የሚለው የጩኸት ውድድር አብዛኛው ምክንያቱ ቀረ።

🔹 ለሐረር የሚሆን ልክ

አሁን ወደ ተግባር። አንድ የሐረር ተቋም፣ ለምሳሌ ሙዚየም፣ ድረ ገጽ ያሠራል እንበል። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው፤ ከተማው አማርኛ ይናገራል፤ ጎብኚው እንግሊዝኛ ይፈልጋል፤ የቆዩት መጻሕፍት በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ ናቸው። ግዕዝ፣ ቁቤና ዐረብኛ በአንድ ጣሪያ ስር ሊኖሩ ነው። ከውጭ የመጣ ቴምፕሌት ደግሞ የተሰፋው ለላቲን ፊደል ብቻ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። የላቲን ትንንሽ ፊደላት መስመሩን በከፊል ብቻ ይይዛሉ፤ የእኛ ፊደል ሁሉም ሙሉ ቁመት ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ የመስመር ርቀት ላቲኑ ይተነፍሳል፣ ግዕዙ ይታፈናል። የእኛ ፊደል የተጋደመ ቅርጽ ልማድ የለውም፤ ቴምፕሌቱ «ይጋደም» ሲለው ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ያዘነብለዋል፣ አስቀያሚ ይሆናል። «ርእሱን በትልቅ ፊደል» የሚለው ትእዛዝ ለእኛ ትርጉም የለውም። ዐረብኛው ደግሞ ከቀኝ ይጀምራል።

ታዲያ ፋይሎቹ እንዴት ይቀመጡ? እኔ የምመክረው ይህን ነው፦

1. የቴምፕሌቱ ፋይል አይነካ። እንደመጣ በራሱ ፎልደር ይቀመጥ። የእኛ እርማት ሁሉ በሌላ ፋይል ይግባ። ዎርድፕረስ ላይ ለዚህ «የልጅ ቲም» የሚባል መንገድ አለ፤ በጁምላ ቴምፕሌቶችም የተጠቃሚ የመልክ ፋይል መጨመር ይቻላል። አንዲት ነገር ብቻ ታደርጋላችሁ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

2. ቀለምና ልክ በአንድ ፋይል። ዋና ቀለም፣ ሁለተኛ ቀለም፣ የርቀት መጠኖች አንድ ቦታ ስም ተሰጥቷቸው ይመዝገቡ፤ ሌላው ሁሉ በስማቸው ይጥራቸው። ስሙ ከሥራው ይምጣ። «ቀይ ቁልፍ» ሳይሆን «የማስጠንቀቂያ ቁልፍ»። ያቺ የነደባዎቹ ነጥብ እዚህ ናት። ቀለሙ ሲቀየር «ቀይ» የተባለው ስም አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል፤ «ማስጠንቀቂያ» ግን ምንጊዜም ማስጠንቀቂያ ነው።

3. ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ፋይል። አንዱ ለግዕዝ፣ አንዱ ለላቲን፣ አንዱ ለዐረብኛ። ጽሑፉ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ገጹ ላይ ይመዝገብ፤ የመልክ ፋይሉ ቋንቋውን እያየ ፎንቱን፣ መጠኑን፣ የመስመር ርቀቱን ይስጠው። ለግዕዝ እንደ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ያሉ ነፃ ፎንቶች አሉ። ዝርዝርን በ፩፣ ፪፣ ፫ መቁጠር ከፈለጋችሁም በሲኤስኤስ ደንብ ውስጥ የግዕዝ ቁጥር አስቀድሞ ተካቷል፤ በእጅ መጻፍ አያስፈልግም።

4. «ግራ» እና «ቀኝ» አይባል። «መነሻ» እና «መድረሻ» የሚሉ ትእዛዞች አሉ። ገጹ ወደ ዐረብኛ ሲዞር አቀማመጡ በራሱ ይዞራል፤ ሁለተኛ ፋይል መጻፍ ይቀራል።

5. አቀማመጥ ለብቻው፣ ዕቃዎች ለብቻቸው፣ ልዩ ገጾች መጨረሻ። የቲኬት መሸጫው ገጽ የተለየ መልክ ካስፈለገው የራሱ ፋይል ይኑረው እንጂ የጋራውን አያበላሽ።

6. አንድ ገጽ ማብራሪያ፣ በአማርኛም በሐረሪም። የቱ ፋይል ምን እንደሚሠራና በምን ቅደም ተከተል እንደሚጫን ይጻፍበት። ሠሪው ነገ ዱባይ ሊሄድ ይችላል፤ ቤቱ ግን ሰው ይፈልጋል።

🔹 «ይህ ሁሉ ለአንድ ሱቅ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ፈረስ መጋላ ላይ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሰው አንዲት ገጽ ካለችው ስድስት ፎልደር አያስፈልገውም። ከመጠን በላይ ማደራጀትም በሽታ ነው፤ ባዶ ፋይሎች ተደርድረው ሥራው የማይጀመርበት ጊዜ አለ። ለእሱ ሁለት ፋይል ይበቃዋል፦ የመጣው እና የእኔ።

ሕዝብ ለሚጠቀምበት ተቋም ግን ነገሩ ሌላ ነው። አገሪቱ በ2020 «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለ ስትራቴጂ አጽድቃለች፤ አገልግሎቶች ወደ ኢንተርኔት እየገቡ ነው። ኃላፊ ሲቀየር ድረ ገጹም «በአዲስ መልክ» ይመረቃል። ሪቫን ይቆረጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አዲስ መልክ ሲመጣ የድሮው ጽሑፍ ይቀራል፣ የድሮው አድራሻ አይከፍትም፣ በጥናት ውስጥ የተጠቀሰ ሰነድ «ገጹ አልተገኘም» ይላል። ምክንያቱን ስትጠይቁ «ከአዲሱ ቴምፕሌት ጋር አልገጠመም» ትባላላችሁ። ይህ መልስ ሊያስቆጣን ይገባል። የቤቱ ግድግዳ ሲቀባ ቤተሰቡ አይባረርም። ከተሞቻችን ፊታቸውን በሚያድሱበት በዚህ ዘመን፣ እድሳት ማለት የቆየውን መጣል እንዳልሆነ ከማንም በላይ ሐረር ታውቃለች። የዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ በ2006 የገባችው ጁገልን አፍርሳ በአዲስ በመሥራቷ አይደለም።

ስለዚህ ገንዘብ ከፍሎ ድረ ገጽ የሚያሠራ ተቋም ሁሉ ውሉ ውስጥ አራት መስመር ይጨምር። ጽሑፉ በሙሉ በዩኒኮድ ይሁን፣ በሥዕል የተለጠፈ ጽሑፍ አንቀበልም። የእኛ የመልክ ፋይሎች ከቴምፕሌቱ ተለይተው ይረከቡን። መልክ ሲቀየር የቆዩ አድራሻዎች አይሰበሩ። ጽሑፉ ያለ ቴምፕሌቱ ተለይቶ የሚወጣበት መንገድ ይኑር። ተጨማሪ ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ግን ማኅደሩን ነው።

እናንተም ዛሬ ልትሞክሩት የምትችሉት ፈተና አለ። ከ2006 ጀምሮ የዓለም ድረ ገጽ ሠሪዎች በዓመት አንድ ቀን የመልክ ፋይላቸውን አውልቀው ገጻቸውን ራቁቱን ያሳያሉ፤ አሁን ቀኑ ኤፕሪል 9 ነው። ቀኑን መጠበቅ አያስፈልግም። ፋየርፎክስ ብራውዘርን በኮምፒውተር ላይ ክፈቱ፣ በእይታ ምናሌው ውስጥ የገጹን መልክ የሚያጠፋውን ምርጫ ንኩ። የመሥሪያ ቤታችሁ፣ የጋዜጣችሁ፣ የማኅበራችሁ ገጽ ቀለሙና ዓምዱ ይጠፋል። የቀረው ርእሱ ርእስ፣ አንቀጹ አንቀጽ፣ አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከላይ እስከ ታች የሚነበብ ከሆነ ደህና ናችሁ፤ መልኩን በፈለጋችሁት ጊዜ መቀየር ትችላላችሁ። የማይነበብ ከሆነ ግን አዲስ ቴምፕሌት ከመግዛታችሁ በፊት ጽሑፉን አድኑ።

የመሥሪያ ቤታችሁን ገጽ ፈትናችሁ ያያችሁትን ከታች ጻፉልን።